የልማት ጥናት ወደ ፖሊሲ ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ፦ ለተመራማሪዎችና ለፖሊሲ ጥናት ተቋማት የተዘጋጀ መመሪያ

በድህነት፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በግብርናና በሥራ አጥነት ላይ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ጥናቶች ይካሄዳሉ። ብዙዎቹ በዘዴያቸው የሚነቀፉ ባይሆኑም፣ በአንድም የመንግሥት ውሳኔ ላይ አሻራቸው ሳይታይ በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ለዚህ ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት ባለሥልጣናት ጥናት አያነቡም የሚል ነው። አባባሉ ከፊል እውነት ቢኖረውም ተመራማሪውን ከኃላፊነት የሚያወጣ በመሆኑ ልቀበለው አልችልም። በእኔ እምነት ዋናው ችግር ጥናቱ ሲጀመር መልሱን የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደሚወስን ሳይታወቅ የተጀመረ ጥናት፣ ሲጠናቀቅ ምንም ያህል ቢታተምና በአዳራሽ ቢቀርብ ባለቤት አያገኝም። የሚከተለው መመሪያ በዚህ እምነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የተጻፈውም በፖሊሲ ጥናት ተቋማት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በመንግሥት የጥናት ክፍሎች ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ተቋሙ የቆመበትን ቦታ ማወቅ

ቲንክ ታንክ በሚለው ስም የሚታወቁት የፖሊሲ ጥናት ተቋማት አንድ ዓይነት አይደሉም። ዛሬ ብሩኪንግስ የሚባለው ተቋም በ1916 በዋሽንግተን ሲመሠረት የመንግሥትን አሠራር ከመንግሥት ውጭ ሆኖ የማጥናት ዓላማ ነበረው። የኮሪያ ልማት ኢንስቲትዩት ግን በ1971 የተቋቋመው በመንግሥቱ በራሱ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹም በአገሪቱ የአምስት ዓመት የኢኮኖሚ ዕቅዶች ዝግጅት ውስጥ በቀጥታ ይሳተፉ ነበር። በ1975 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ የማንም መንግሥት አካል ሳይሆን በብዙ አገሮች ውስጥ ከመንግሥታት ጋር ይሠራል። ከእነዚህ ሌላ በዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉ፣ ለፖለቲካ ፓርቲ ቅርበት ያላቸው፣ እንዲሁም በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ ተቋማት አሉ።

ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ለመንግሥት የቀረበ ተቋም መረጃና ጆሮ በቀላሉ ያገኛል፤ ደስ የማያሰኝ ውጤት ሲደርሰው ግን ለማሳተም ይቸገራል። ራቅ ብሎ የቆመው ያለ ፍርሃት ይጽፋል፤ ነገር ግን ረቂቅ ሕግ መዘጋጀቱን የሚሰማው ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ተቋም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጎደለውን በግልጽ ማወቅና ማካካሻ ማዘጋጀት አለበት። ቅርብ የሆነው ውጤቱን ያለ ፈቃድ የማሳተም መብቱን በማቋቋሚያ ደንቡ ውስጥ ሊያስቀምጥ፣ ሩቅ የሆነው ደግሞ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ካሉ የዕቅድ፣ የበጀትና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጋር የማያቋርጥ የሥራ ግንኙነት ሊመሠርት ይገባል። ሚኒስትሮች በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ረቂቁን የሚጽፉት የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎች ግን ብዙውን ጊዜ በቦታቸው ይቆያሉ።

ጥያቄውን ከውሳኔው መቅዳት

የመጀመሪያው ተግባር ውሳኔውን መለየት ነው። ውሳኔ ሲባል አዋጅ ብቻ አይደለም፤ በበጀት ሰንጠረዥ ላይ ያለ አንድ መስመር፣ አንድ መመሪያ፣ የአንድ ፕሮግራም የተጠቃሚዎች መመዘኛ፣ ወይም አንድ የሙከራ ፕሮጀክት ይስፋ ወይም ይቁም የሚለው ጉዳይ ሁሉ ውሳኔ ነው። በልማት ሥራ ውስጥ የሰዎችን ኑሮ በእጅጉ የሚነኩት ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ በጋዜጣ የማይወጡት እነዚህ ናቸው። ውሳኔው ከተለየ በኋላ የሚወስነው አካል ማን እንደሆነ፣ ረቂቁን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ማን ሊያስቆመው እንደሚችልና መቼ እንደሚወሰን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል። በተለይ የበጀት ዝግጅት ቀን መቁጠሪያን በእጅ መያዝ ግዴታ ነው፤ ገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጣሪያውን ካሳወቀ በኋላ የሚደርስ ጥናት፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ተግባር ሰፊውን ርዕሰ ጉዳይ ሊወሰንበት ወደሚችል ጥያቄ ማጥበብ ነው። ለምሳሌ የወባ ሥርጭት ምክንያቶች የሚል ጥናት ለዕውቀት ይጠቅማል፤ የጤና ሚኒስቴር ባለሙያ ግን ነገ ጠዋት በእርሱ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በወባ መከላከል ዙሪያ የነበረው ክርክር ከዚህ የተለየ ነበር፤ በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት በነፃ ይሰጥ ወይስ በትንሽ ዋጋ ይሸጥ የሚል ነበር። መሸጥ ይሻላል የሚሉት ወገኖች በነፃ የተገኘ ነገር አይከበርም፣ አጎበሩም ላልታሰበለት ዓላማ ይውላል ብለው ይከራከሩ ነበር። ይህ በመረጃ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። በኬንያ የቅድመ ወሊድ ክትትል በሚሰጥባቸው ጤና ተቋማት የአጎበሩን ዋጋ በዕጣ በመለያየት በተካሄደና በ2010 በታተመ ጥናት፣ ዋጋው ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል አጎበሩን የሚወስዱት እናቶች ድርሻ በ60 የመቶኛ ነጥብ ወረደ፤ በነፃ የወሰዱትም ከከፈሉት ባላነሰ ደረጃ ሲጠቀሙበት ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ብሎ በ2007 አጎበር በነፃ ወይም በከፍተኛ ድጎማ እንዲታደል መክሮ ስለነበር፣ ለውጡን ይህ ጥናት ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም። ሆኖም በመርሕ ደረጃ ማብቂያ ያልነበረውን ክርክር ወደ ቁጥር አውርዶ እንዲቋጭ ረድቷል። ሊወሰንበት የሚችል ጥያቄ ማለት ይህን የመሰለ ነው፤ ሁለት ተጨባጭ አማራጮች አሉት፣ የሚለካ ውጤት አለው፣ የሚወስን አካልም አለው።

ጥያቄው ወደዚህ ደረጃ መድረሱን ለማረጋገጥ የምመክረው አንድ ፈተና አለ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ባዶ የውጤት ሠንጠረዦች ይዘጋጁና፣ በአንደኛው አዎንታዊ፣ በሁለተኛው አሉታዊ የሆነ የግምት ቁጥር ገብቶባቸው ለሚመለከተው የመንግሥት ባለሙያ ይቅረቡ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ከሆነ ጥያቄው ገና አልበሰለም ማለት ስለሆነ፣ የመስክ ሥራ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት እንደገና መቀረጽ አለበት።

ለጥያቄው የሚመጥን ማስረጃ

ስለ ማስረጃ ደረጃዎች ብዙ ተጽፏል፤ በተግባር ግን ዘዴን የሚወስነው ጥያቄው ነው። የችግሩ መጠን ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ናሙና ያለው የቤተሰብ ዳሰሳ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ለውጥ አምጥቷል ወይ ለሚለው የማነጻጸሪያ ቡድን (ፕሮግራሙ ያልደረሳቸው ተመሳሳይ ሰዎች) ያለው የተጽዕኖ ግምገማ ግድ ይላል። ለምን አልሠራም ለሚለው ደግሞ ከፈጻሚዎችና ከተጠቃሚዎች ጋር የሚደረግ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ሁሉንም በአንድ መጠይቅ ለመመለስ የሚሞክር ጥናት አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም በወጉ አይመልስም።

የተጽዕኖ ግምገማ ከፖሊሲ ጋር እንዴት እንደሚቀናጅ ለማየት ፕሮግሬሳ የተባለው የሜክሲኮ የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ፕሮግራም እስካሁን ድረስ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው ብዬ አምናለሁ። አገሪቱ ከ1994 መጨረሻ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ድህነት በተባባሰበት ወቅት፣ በገንዘብ ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ያገለግል የነበረው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሳንቲያጎ ሌቪ የዳቦና የቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣ) ድጎማን የመሳሰሉ የምግብ ድጎማዎችን ለእናቶች በቀጥታ በሚሰጥ ገንዘብ የመተካት ሐሳብ ይዞ ቀረበ፤ ክፍያው የሚፈጸመው ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱና ቤተሰቡ የጤና ክትትል ሲያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር ገንዘቡ ሁሉንም መንደሮች በአንድ ጊዜ ለመድረስ አይበቃም ነበር። ይህን እጥረት እንደ ዕድል በመጠቀም፣ ለግምገማው ከተመረጡ 506 መንደሮች ውስጥ 320ዎቹ አስቀድመው፣ 186ቱ ደግሞ ዘግይተው እንዲገቡ በዕጣ ተደለደሉ። ግምገማውን እንዲያካሂድ የተጋበዘው ከአገሪቱ መንግሥት ውጭ ያለው ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ነበር፤ ውጤቱም በተለይ የልጃገረዶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ መጨመሩን፣ የሕፃናት ጤናም መሻሻሉን አሳየ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰዱት ትምህርቶች በርካታ ናቸው። አንደኛው፣ ግምገማው በፕሮግራሙ ንድፍ ውስጥ ከመጀመሪያው ስለገባ የማነጻጸሪያ ቡድን ለማግኘት ማንንም ከጥቅም ማግለል አላስፈለገም፤ ተራ መጠበቅ በራሱ ማነጻጸሪያ ሆነ። ሁለተኛው፣ ገምጋሚው የውጭ ተቋም መሆኑ በ2000 ሥልጣን ከ70 ዓመት በላይ ከቆየው ፓርቲ ወደ ተቃዋሚው ሲተላለፍ ፕሮግራሙን ጠቀመው። አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን ሥራ አፍርሶ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ፣ በ2002 ስሙን ኦፖርቱኒዳዴስ ብሎ ወደ ከተሞችም አስፋፋው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ሐሳቡን ያመነጨው ሰው በመንግሥት ውስጥ የነበረና ማስረጃን አንብቦ የሚጠቀም ባለሙያ መሆኑ ነው። የምርምር ተቋማት ባለሙያዎቻቸው ወደ መንግሥት ሥራ ሲሄዱባቸው እንደ ኪሳራ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ኅትመት የሚበልጥ የተጽዕኖ መንገድ ይመስለኛል።

በዕጣ የሚካሄድ ሙከራ ለሁሉም ጥያቄ አይሆንም። የወለድ ምጣኔን፣ የንግድ ስምምነትን ወይም የአንድን ታላቅ ግድብ ጥቅም በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም፤ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የታሪክ ንጽጽር፣ የኢኮኖሚ ሞዴልና የአስተዳደር መዛግብት ትንተና ቦታቸውን ይይዛሉ። ደግሞም አንድ ጥናት ብቻውን ፖሊሲ አይሸከምም። አነስተኛ ብድር ድህነትን ያጠፋል የሚለው ተስፋ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ በቦስኒያ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያና በሞሮኮ የተካሄዱ ስድስት ሙከራዎች በ2015 በአንድነት ታተሙ፤ ብድሩ ለሰዎች የመሥራትና የመምረጥ ነፃነትን በመጠኑ ቢያሰፋም የቤተሰብን አማካይ ገቢ በጉልህ እንዳልለወጠ አሳዩ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ይዞ የመጣ ተመራማሪ በቀላሉ ውጤቱ የዚያ ቦታ ብቻ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ አዲስ የመስክ ጥናት ከማቀድ በፊት ያሉትን ጥናቶች በሥርዓት መርምሮ ማጠቃለል ይቅደም፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔ ሰጪው የሚፈልገው መልስ እዚያ ውስጥ ይገኛል፣ ወጪውም እጅግ ያነሰ ነው።

በአንድ ቦታ የተገኘ ውጤት ለሌላው ሲቀርብ

የፖሊሲ ጥናት ተቋማት በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት በ1980 የተጀመረ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት እናቶችን በማስተማርና ለተጎዱ ሕፃናት ተጨማሪ ምግብ በመስጠት በሕፃናት ላይ የሚታየውን ከባድ የምግብ እጥረት መቀነሱ ተመዘገበ። በ1995 ተመሳሳይ ፕሮጀክት በባንግላዴሽ ሲጀመር ግን ውጤቱ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ሆነ። በኋላ በተደረገው ግምገማ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፣ ትምህርቱ ለእናቶች ቢሰጥም በብዙ የባንግላዴሽ የገጠር ቤቶች ምግብ የሚገዛው አባት፣ የሚያከፋፍለውም በአብዛኛው አማት መሆኗ ነበር። ዕውቀቱ ውሳኔ ወደማይሰጥ ሰው ሄደ ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ ከኬንያ ነው። መምህራንን በጊዜያዊ ውል መቅጠር የተማሪዎችን ውጤት እንደሚያሻሽል በትንንሽ ሙከራዎች ከታየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ያንኑ ሥራ በመላ አገሪቱ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች በሁለት ፈጻሚዎች ሞከሩት። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ባስፈጸመባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ውጤት ሲሻሻል፣ ሚኒስቴሩ ባስፈጸመባቸው ግን ምንም ለውጥ አልታየም። የተሰጠው አገልግሎት በስም አንድ ነው፤ የሠራተኛ አቀጣጠሩ፣ የደመወዝ አከፋፈሉና ቁጥጥሩ ግን ይለያያል።

በመሆኑም ከሌላ አገር የመጣ ውጤት ለውሳኔ ከመቅረቡ በፊት አራት ነገሮች መመርመር አለባቸው። መጀመሪያ፣ ውጤቱ የመጣው በምን የምክንያት ሰንሰለት እንደሆነ ከመነሻው እስከ መድረሻው ደረጃ በደረጃ ይጻፍ። ቀጥሎ፣ እያንዳንዱ ደረጃ እንዲሠራ ያስቻለው ሁኔታ በአዲሱ ቦታ መኖሩ በአካባቢው መረጃ ይረጋገጥ፤ ለምሳሌ በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በ75 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና የሆድ ትላትል መድኃኒት ከትምህርት ቤት መቅረትን በሩብ ያህል መቀነሱን የዘገበው የ2004 ጥናት የተሠራው የትላትል ሥርጭት እጅግ ከፍተኛ በነበረበት አካባቢ ስለሆነ፣ ሥርጭቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ተመሳሳይ ውጤት መጠበቅ ስህተት ነው፤ የጥናቱ ትንተና ራሱ በኋላ ሰፊ የባለሙያዎች ክርክር እንዳስነሳም ለውሳኔ ሰጪው መነገር አለበት። ከዚያም የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይልና ልምድ ይታይ። በመጨረሻም ወጪው በአካባቢው ዋጋ እንደገና ይሰላ። ይህ ሥራ ከአንድ አዲስ የመስክ ጥናት ያነሰ ክብር ያለው ቢመስልም፣ ለውሳኔ ሰጪው የሚሰጠው ጥቅም ከዚያ ይበልጣል።

የሚወስኑትንና የሚነኩትን ከመጀመሪያው ማሳተፍ

ጥናቱ ካለቀ በኋላ ባለድርሻ አካላትን ሰብስቦ ውጤት ማቅረብ የተለመደ ነው። ከዚያ ይልቅ ጥያቄው ሲቀረጽ፣ መጠይቁ ሲሞከርና የመጀመሪያው ረቂቅ ውጤት ሲወጣ አብረው ቢቀመጡ፣ ውጤቱ ለእነርሱ እንግዳ አይሆንባቸውም። የፕሮግራሙ ፈጻሚዎች በወረቀት ላይ ያለው መመሪያ በተግባር እንዴት እንደሚፈጸም ያውቃሉ፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎችም ቁጥሩ ከይፋዊው መረጃ ለምን እንደተለየ ቀድመው ሊያስረዱ ይችላሉ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ስብሰባ ሙሉ በሙሉ በቁጥሩ ትክክለኛነት ላይ በሚደረግ ክርክር ያልቃል።

ፖሊሲው የሚነካቸው ሰዎችስ? እነርሱን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ መቁጠር በሥነ ምግባርም በዘዴም ያስጠይቃል። ገንዘብ የሚቀበሉ እናቶች፣ ከመሬታቸው የሚነሱ ገበሬዎች፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ስለ ኑሯቸው ያላቸው ማብራሪያ መላ ምት የሚወጣበት ነው። ከባንግላዴሹ ፕሮጀክት በፊት በጥቂት ቤቶች ውስጥ ምግብ ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚያከፋፍል ቢጠየቅ ኖሮ ችግሩ ቀድሞ ይታይ ነበር። መረጃ ከተሰበሰበ በኋላም ግኝቱን ወደ ሰጡት ሰዎች መልሶ ማሰማት የትርጓሜ ስህተትን ያርማል።

ለሚወስን ሰው መጻፍ

በካናዳ የጤና አገልግሎት ምርምርን ይደግፍ የነበረ አንድ ፋውንዴሽን አንድ፣ ሦስት፣ ሃያ አምስት የሚባል የአጻጻፍ ሥርዓት አስተዋውቆ ነበር፤ አንድ ገጽ ለዋና ዋና መልእክቶች፣ ሦስት ገጽ ለማጠቃለያ፣ ሃያ አምስት ገጽ ደግሞ ለሙሉው ሪፖርት። ይህን ልክ በጥብቅ እንዲከተሉት እመክራለሁ። ሦስቱም ለተለያየ አንባቢ የተጻፉ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሚኒስትሩ በመኪና ውስጥ፣ ሁለተኛውን አማካሪው፣ ሦስተኛውን ረቂቁን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ያነበዋል።

በማጠቃለያው ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ምክረ ሐሳቡ ነው። የመስኖ ልማት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል የሚል ምክር ማንም የማይቃወመውና ማንም የማይፈጽመው ነው። የሚፈጸም ምክር ምን መደረግ እንዳለበት፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያደርገው፣ በየትኛው ሕግ ወይም መመሪያ ላይ ለውጥ እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣና ገንዘቡ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ይናገራል። የሚጎዳው ወገን ማን እንደሆነም አይደብቅም፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ወገን ራሱ መምጣቱ አይቀርም፣ ውሳኔ ሰጪውም ያን ጊዜ ሳይዘጋጅ መያዝ የለበትም። ቢያንስ ሁለት አማራጮችንና ምንም አለማድረግ የሚያስከትለውን ውጤት ጎን ለጎን ማቅረብ፣ ተመራማሪው ውሳኔውን ለመቀማት ሳይሆን ለማገዝ መምጣቱን ያሳያል።

እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር በተመለከተ ብዙ ጸሐፊዎች በሁለት ጽንፍ ይወድቃሉ፤ ወይ ጥርጣሬውን በግርጌ ማስታወሻ ይደብቁታል፣ ወይም በየዓረፍተ ነገሩ እየደጋገሙ መልእክቱን ያጠፉታል። የሚሻለው በአንድ አንቀጽ ምን በእርግጠኝነት እንደሚታወቅ፣ ምን ሊሆን የሚችል እንደሆነና ምን ገና እንዳልተጠና ለይቶ መጻፍ ነው። የስታቲስቲክስ ቃላት በተቻለ መጠን ወደ ሰዎች ቁጥር ይመለሱ፤ ከመቶ ሕፃናት ስንቶቹ እንደሚለወጡ መናገር ስለ ደረጃዊ ልዩነት (ቁጥሮች ከአማካያቸው ስለሚርቁበት መጠን) ከመናገር ይበልጥ ይገባል።

ተዓማኒነትን መጠበቅ

የአንድ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ሀብት እምነት ነው፤ እምነቱ ደግሞ በገንዘብ ምንጭና በስህተት አያያዝ ይፈተናል። ገንዘብ ሰጪ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት አንቀጾች በጽሑፍ መኖራቸው መረጋገጥ አለበት፦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የማሳተም መብት፣ ገንዘብ ሰጪው በረቂቁ ላይ አስተያየት መስጠት እንጂ ማሻሻያ ማዘዝ እንደማይችል፣ እንዲሁም የገንዘቡ ምንጭና መጠን በሪፖርቱ ላይ እንደሚገለጽ። አንድ ምንጭ ከጠቅላላው በጀት በጣም ትልቅ ድርሻ ሲይዝ ነፃነት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ከተቻለ ለተለየ ፕሮጀክት ያልታሰረ ገንዘብ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ተቋሙ ማንም ያላዘዘውን፣ ነገር ግን አስፈላጊ የሆነውን ጥያቄ የሚያጠናው በዚህ ገንዘብ ነውና።

ስለ ስህተት የ2010ሩ የመንግሥት ዕዳ ጥናት ብዙ ያስተምራል። ሁለት ታዋቂ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የመንግሥት ዕዳ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ የኢኮኖሚ ዕድገት በእጅጉ እንደሚቀንስ ጻፉ፤ ግኝቱም በአውሮፓና በአሜሪካ የመንግሥት ወጪን ለመቀነስ በተካሄደው ክርክር ውስጥ በተደጋጋሚ ተጠቀሰ። በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥናቱን ለመድገም ሲሞክር ቁጥሮቹ አልገጠሙለትም። የስሌት ሠንጠረዡን ከጸሐፊዎቹ ተቀብሎ ሲመረምር አምስት አገሮች ከቀመሩ ውጭ መቅረታቸውን አገኘ፤ ይህና ሌሎች የመረጃ አመራረጥና የክብደት አሰጣጥ ጉዳዮች ሲስተካከሉ፣ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ላለባቸው አገሮች አማካይ ዕድገቱ ከ0.1 በመቶ ቅናሽ ወደ 2.2 በመቶ ጭማሪ ተለወጠ። ጥናቱ እስኪታረም ድረስ ሦስት ዓመት ያህል የሕዝብ ውሳኔዎች ላይ ሲጠቀስ ቆይቷል። ስለዚህ ማንኛውም ለፖሊሲ የሚቀርብ ቁጥር ከተቋሙ ሳይወጣ በፊት፣ በጥናቱ ያልተሳተፈ ሌላ ባለሙያ ከጥሬው መረጃ ተነሥቶ እንደገና ሊያሰላው ይገባል። ከኅትመት በኋላም የግለሰቦችን ማንነት የሚገልጸው ክፍል ወጥቶ፣ መረጃውና የስሌቱ ትእዛዛት ለማንኛውም መርማሪ ክፍት ይሁኑ።

በጊዜው መገኘት

አንዳንድ ውሳኔዎች በቀን መቁጠሪያ አይመጡም። ቀውስ፣ ምርጫ፣ የሚኒስትር ለውጥ ወይም ድንገተኛ የዋጋ ንረት ለዓመታት ተዘግቶ የነበረን በር ለሳምንታት ይከፍታል። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2020 ሲመጣ የቶጎ መንግሥት ኖቪሲ የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ በተንቀሳቃሽ ስልክ በኤፕሪል ጀመረ፤ የተሟላ የድሆች መዝገብ ስላልነበረው መጀመሪያ የመራጮችን መዝገብ ተጠቀመ፣ ቀጥሎም ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በሳተላይት ምስልና በስልክ አጠቃቀም መረጃ እጅግ ድሃ የሆኑ አካባቢዎችንና ሰዎችን ለየ። ተመራማሪዎቹ ይህን በወራት ውስጥ ሊያደርጉ የቻሉት ዘዴውን በሌሎች አገሮች ለዓመታት ሲያጠኑት ስለቆዩ ነው። ለአንድ ተቋም የዚህ ተግባራዊ ትርጉም፣ በሙያው ዘርፍ ሊነሡ የሚችሉ አሥር ያህል ጥያቄዎችን አስቀድሞ ለይቶ በእያንዳንዱ ላይ የሁለት ገጽ የዕውቀት ማጠቃለያ አዘጋጅቶ በየስድስት ወሩ ማደስ ነው። ጥሪው ሲመጣ በአንድ ሳምንት መልስ የሚሰጥ ተቋም ይደመጣል።

ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ

ብዙ ተቋማት ውሳኔው እንደተላለፈ ሥራው አልቋል ብለው ወደ ሌላ ርዕስ ይሄዳሉ። አዋጁ በመመሪያ፣ መመሪያውም በበጀትና በሠራተኛ ካልተደገፈ ግን በሰዎች ኑሮ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ምክሩን የሰጠው ተቋም ይህን የመከታተል ግዴታ አለበት። የራሱን ተጽዕኖ ሲዘግብም ይህን ፖሊሲ እኛ አስለወጥን ከማለት ይልቅ፣ መቼ ከማን ጋር እንደተወያየ፣ በረቂቁ ውስጥ የትኛው ሐረግ እንደተለወጠ፣ ሌሎች ምን አስተዋጽኦ እንዳደረጉ በየጊዜው የሚመዘገብ ማስታወሻ ይያዝ። ይህ ማስታወሻ በኋላ ለገንዘብ ሰጪ ብቻ ሳይሆን የትኛው የአሠራር መንገድ እንደሠራ ለማወቅም ያገለግላል።

ውሳኔው ከማስረጃው በተቃራኒ ሊሆንም ይችላል። ለ20 ዓመታት ሲመሰገን የኖረው የሜክሲኮው ፕሮግራም፣ ስሙ በ2014 ፕሮስፔራ ተብሎ ከተቀየረ በኋላ በ2019 በአዲስ መንግሥት ተቋርጦ በሌሎች የድጋፍ ዓይነቶች ተተክቷል። ማስረጃ የሚያስከትለውን ውጤት ይነግራል እንጂ የትኛው ዓላማ መቅደም እንዳለበት አይወስንም፤ ያን የሚወስኑት የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ ይህም ተገቢ ነው። እንዲህ ዓይነት ጊዜ ሲመጣ ተቋሙ ያለውን ማስረጃ በይፋ ማስቀመጥና፣ ተኪው ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በሕፃናት ክብደትና በቤተሰብ ፍጆታ ላይ የመነሻ መረጃ መሰብሰብ ይኖርበታል። ይህ መረጃ አዲሱ ፕሮግራም ከመጀመሩ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ ለውጡ ምን አመጣ ብሎ ሲጠይቅ የሚያነጻጽረው ቁጥር አይኖርም።